ኻምራህ ወይስ ዑድ ፎር ግሎሪ? ከሁለት ከባድ የዐረብ ሽቶዎች አንዱን ስለ መምረጥ

ጥያቄ፦ «ላታፋ ከተባለው የዐረብ ሽቶ አምራች ኻምራህን ወይም ዑድ ፎር ግሎሪን ልገዛ አስቤ ሁለቱንም ወረቀት ላይ አሸተትኋቸው። ኻምራህ እንደ ጣፋጭ ኬክ፣ ዑዱ ደግሞ እንደ ቁስል ፕላስተር ሸተተኝ። የምሠራው ለስድስት በምንጋራው ቢሮ ውስጥ ነው፤ አልፎ አልፎ ማታ ግብዣ ላይ እገኛለሁ። ዑዱ እውነተኛ ዑድ (መዓዛማ እንጨት) ስላለበት ቀኑን ሙሉ ይቆያል፣ ኻምራህ ግን ከሁለት ሰዓት በኋላ ይጠፋል ተብያለሁ፤ ጓደኛዬ ደግሞ ኻምራህ የሴት ነው ይላል። ከገዛሁ በኋላ አንድ ወር ጨለማ ውስጥ እንዳስቀምጠውም ተመክሬያለሁ። የምገዛው አንዱን ብቻ ነው። የትኛውን?»

ምላሽ፦ ወረቀት ላይ በሸተተዎት ነገር ብቻ ከሁለቱ አንዱን አይምረጡ። ሽቶ በተለያየ ፍጥነት የሚተኑ ብዙ ንጥረ ነገሮች በአልኮል ውስጥ ሟሙተው የሚገኙበት ፈሳሽ ነው። ሲረጭ መጀመሪያ አልኮሉ፣ ተከትሎ እንደ ቤርጋሞት (የሎሚ ዘመድ የሆነ ፍሬ) ያሉት ቀላል ዘይቶች፣ ከዚያ ቅመማ ቅመሙና አበባው፣ በመጨረሻም ሙጫው፣ እንጨቱና ምስኩ ተራ በተራ ይወጣሉ። ሻጭ ፊት ቆመው ወረቀቱን ያወዛወዙባቸው ሁለት ደቂቃዎች ያሳዩዎት የመጀመሪያውን ክፍል ነው፤ እርስዎ ግን የሚከፍሉት አብሮዎት ለሚውለው ለመጨረሻው ክፍል ነው። ወረቀት ደግሞ እንደ ቆዳ አይሞቅም፣ ቅባትም ላብም የለውም። ከባድ የሆኑት ንጥረ ነገሮች ወረቀቱ ላይ ቀዝቅዘው ይተኛሉ፤ ቆዳ ላይ ግን የሰውነት ሙቀት ቀስ በቀስ ያስነሣቸዋል።

«ቁስል ፕላስተር» ያሉት አገላለጽ ግን በጣም ትክክል ነው፤ አፍንጫዎ አልተሳሳተም። በእንዲህ ዓይነት ሽቶዎች መግቢያ ላይ የሚሰማው የፕላስተር፣ የአዲስ ቆዳ ወይም የመድኃኒት መሰል ጠረን የጉድለት ወይም የተጭበረበረ ዕቃ ምልክት አይደለም። በላብራቶሪ የሚቀመመው የዑድ ቅንብር ሳፍሮን የተባለውን ቅመም ከሚመስል ንጥረ ነገር ጋር ሲጣመር ደረቅና ትንሽ የሚቆረቁር አከፋፈት ይኖረዋል። ሳፍሮንን ለመምሰል በሽቶ ቤቶች የሚሠራበት ሳፍራሊን የተባለው ሰው ሠራሽ ንጥረ ነገርማ ራሱ ግማሹ ቆዳ ነው። ጥያቄው ይህ ጠረን እርስዎ ቆዳ ላይ ስንት ደቂቃ ይቆያል የሚለው ነው፤ ምክሬም ኋላ እንደሚያዩት በዚሁ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

«እውነተኛ ዑድ ስላለበት ይቆያል» የተባሉት ሁለት ስሕተት በአንድ ላይ የያዘ ነው። ዑድ አኩዊላሪያ ከሚባሉ የእስያ ዛፎች እምብርት የሚገኝ፣ ሙጫ ያዘለ እንጨት ነው። ጤነኛው ዛፍ ነጣ ያለ፣ ያን ያህል ሽታ የሌለው እንጨት አለው፤ ግንዱ ቆስሎ ሻጋታ ሲገባበት ራሱን ለመከላከል ጥቁርና መዓዛማ ሙጫ ያመነጫል፤ ይህም ዓመታት ይፈጃል። ለዚህ ሙጫ ሲባል ዛፉ ከዱር በመመናመኑ አኩዊላሪያ ማላከንሲስ የተባለው ታዋቂ ዝርያ፣ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት 2ኛ አባሪ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1995 ገባ፤ በ2004 ደግሞ ቁጥጥሩ ሁሉንም የአኩዊላሪያ ዝርያዎች እንዲሸፍን ተወሰነ። ዘይቱ በሽቶ ሥራ ከሚታወቁት እጅግ ውድ ጥሬ ዕቃዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ለብዙኃኑ በገፍ በሚመረት የ100 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ፣ አፍንጫ የሚለየው ያህል የተፈጥሮ ዑድ ማስገባት በሒሳብ አይሆንም። ያሸተቱት ቀማሚው ዑድን አስቦ የገነባው ቅንብር ነው። ይህ ማታለል አይደለም፤ ዛሬ በገበያ ላይ ያለው የሚረጭ «ዑድ» በአብዛኛው እንዲህ ነው። ሁለተኛው ስሕተት ተፈጥሯዊ የሆነው ሁሉ የበለጠ ይቆያል ማለቱ ነው። ሽቶ ቆዳ ላይ የሚቆየው በንጥረ ነገሮቹ የመትነን ፍጥነት ልክ ነው፤ ከሰው ሠራሾቹ የእንጨትና የምስክ ንጥረ ነገሮች ብዙዎቹ ከተፈጥሮ ዘይቶች ይልቅ እጅግ ዘገምተኞች ናቸው። ልብስ ታጥቦ እንኳ የማይለቀው ብዙውን ጊዜ እነዚህ ናቸው።

አሁን ወደ ሁለቱ ጠርሙሶች። ኻምራህ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሽቶ ነው። አምራቹ ከሚጠቅሳቸው መዓዛዎች መካከል በመግቢያው ቀረፋ፣ ገውዝና ቤርጋሞት፣ በመካከሉ ተምር፣ ፕራሊን (የለውዝና የስኳር ጣፋጭ) እና ቱበሮዝ የተባለው ነጭ አበባ፣ በመሠረቱ ደግሞ ቫኒላ፣ የቶንካ ፍሬ፣ ከርቤና ቤንዞይን የተባለው ሙጫ ይገኙበታል። ብዙ ጊዜ የሚነጻጸረው ኪሊያን የተባለው የፈረንሳይ ቤት በ2020 ካወጣው ኤንጅልስ ሼር ጋር ነው። የዚያኛው ስም ኮኛክ በእንጨት በርሜል ውስጥ ሲያረጅ በየዓመቱ ተንኖ የሚጠፋውን ድርሻ ያመለክታል፤ የኻምራህም ስም በዐረብኛ ከወይን ጠጅ ጋር አንድ ሥር ይጋራል፤ ሰያሚው አውቆ የቀለደ ይመስለኛል። ዑድ ፎር ግሎሪ ደግሞ በዲዕ አል ዑድ ከተባለው መስመር እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ሲሆን፣ ሳፍሮን፣ ገውዝና ላቬንደር ከላይ፣ ዑድና ፓቹሊ የተባለው መዓዛማ ቅጠል ከመካከል እስከ ታች፣ በስተመጨረሻም ምስክ አለው። የሚነጻጸረውም ኢኒሲዮ የተባለው የሽቶ ቤት በ2018 ካወጣው ዑድ ፎር ግሬትነስ ጋር ነው። ሁለቱም ጠርሙሶች ላይ «ኦ ደ ፓርፋም» ተጽፎ ያገኛሉ፤ ቃሉ በልማድ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚደርስ የመዓዛ ይዘትን የሚያመለክት ቢሆንም በየሀገሩ የሚያስገድድ አንድ ወጥ ሕግ ስለሌለው፣ የአንዱን ጥንካሬ ከሌላው ለማመዛዘን አይረዳዎትም።

ይህን ምላሽ ከመጻፌ በፊት ቀኝ ክንዴ ላይ ኻምራህን፣ ግራው ላይ ዑድ ፎር ግሎሪን አንድ አንድ ጊዜ ረጭቼ ውያለሁ። ኻምራህ ገና ከመረጨቱ ቀረፋና የተጠበሰ ስኳር ነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀረፋው ይለዝብና እጅ ላይ የቀረ የተምር ማር የመሰለ ነገር ይሆናል፤ በአራተኛው ሰዓት ቫኒላውና ቤንዞይኑ ብቻቸውን ይቀራሉ። ሊታወቅ የሚገባው ቁም ነገር ጣፋጭነቱ ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጨረሻው አለመልቀቁ ነው፤ መልኩን ይለዋውጣል እንጂ አይረግብም። ግራ ክንዴ ላይ የሆነው ሌላ ነው። ዑድ ፎር ግሎሪ የመጀመሪያዎቹን ሠላሳና አርባ ደቂቃዎች በእርግጥም ይከብዳል፤ እርስዎ ያሉት ፕላስተር አለ፣ ከሥሩ ደግሞ የላቬንደሩ የሳሙና ንጽሕና ይሰማል። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ግን ያ መድኃኒታዊ ጠርዝ ተገፎ ደረቅ እንጨት፣ ትንሽ አፈር የሚሸት ፓቹሊና ንጹሕ ምስክ ቀረ። በአራተኛው ሰዓት ክንዴን ወደ አፍንጫዬ ሳላስጠጋ አልሰማውም ነበር፤ በማግሥቱ ጧት የሸሚዜ እጅጌ ግን አሁንም ዑዱን ይናገር ነበር።

ኻምራህ ከሁለት ሰዓት በኋላ «ይጠፋል» የተባለው ከዚህ ጋር አይገጥምም፤ ከሁለቱ አንዳቸውም በሁለት ሰዓት የሚጠፉ አይደሉም። የሚጠፋው ብዙ ጊዜ የራስ አፍንጫ ነው። አንድ ሽታ ሳይቋረጥ ሲደርሰን የማሽተት ስሜታችን ይለምደውና ለአእምሯችን መንገሩን ያቆማል፤ ሰው የገዛ ቤቱን ጠረን የማያውቀውም ለዚህ ነው። አንገትዎ ሥር የረጩት ሽቶ ቀኑን ሙሉ ከአፍንጫዎ በታች ስለሚነሣ ይህ ልምድ በፍጥነት ይመጣል። በዚያ ላይ አንዳንድ ሰዎች አንዳንድ የምስክና የእንጨት ሞለኪውሎችን ከተፈጥሯቸው ጨርሶ አያሸቱም፤ አንድ ሽቶ ለባለቤቱ ባዶ ሆኖ ለአጠገቡ ሰው ግን አፍንጫ የሚይዝ ሊሆን ይችላል። በከባድ ሽቶ ላይ የሚሠራው ትልቁ ጥፋት የሚመነጨው ከዚህ ነው፦ ሰውዬው አልሰማው ሲል ይደግማል፣ ሲደግም ደግሞ ለራሱ ሳይሆን ለሌላው ይደርሰዋል። እኔም አንድ ጊዜ የዚህ ሰለባ ሆኜ በጠባብ ክፍል ለሚካሄድ ስብሰባ አራት ጊዜ ረጭቼ ገብቼ ነበር፤ ክረምት ነው ብሎ መስኮት ለመክፈት ሲያመነታ የነበረው ባልደረባዬ ከእኔ በኋላ አላመነታም። ስለዚህ ቆይታውን መለካት ከፈለጉ ከአራት ሰዓት በኋላ ከቤት ውጭ ጥቂት ተንሸራሽረው ይመለሱና ክንድዎን ያሽትቱ፤ አለበለዚያ የሚያምኑትን ሰው ይጠይቁ። በየሽቶ መሸጫው ለአፍንጫ ማደሻ ተብሎ የሚቀርበው የቡና ፍሬ ከንጹሕ አየር የተሻለ ነገር እንደሚያደርግ አልታየም፤ ሽቶ ያልነካውን የገዛ ክርንዎን ማሽተት ይበቃል።

አንድ ወር ጨለማ ውስጥ ማስቀመጥ የሚለውን ምክር በአጭሩ ልለፈው። መዓዛውን ከአልኮሉ ጋር ማዋሐድ የፋብሪካ ሥራ ነው፤ ቅልቅሉ ጊዜ ተሰጥቶት፣ ቀዝቅዞና ተጣርቶ ነው ወደ ጠርሙስ የሚገባው። የተከፈተ ጠርሙስ አየር ሲገባው ቀስ በቀስ ይለወጥ ይሆናል፤ ሆኖም ከወር በኋላ «በሰለ» የሚባለው ለውጥ በአመዛኙ የአሽታቹ ልምድ ነው። ያልወደዱትን ሽቶ ጨለማ አያሻሽለውም። ከብርሃንና ከሙቀት ርቆ፣ ከመታጠቢያ ቤት እንፋሎትም ውጭ መቀመጡ ግን በማናቸውም ጊዜ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱ መበላሸቱን ማዘግየት ነው። ጓደኛዎ «የሴት» ያለው ደግሞ የሽቶ ጠባይ አይደለም፤ ሁለቱም ጠርሙሶች የሚሸጡት ለወንድም ለሴትም ተብለው ነው፤ ቀረፋና ተምር ጾታ የላቸውም።

በመዓዛ ዝርዝሮች ላይ «አምበር» የሚል ቃል ካጋጠመዎትም፣ ከዓሣ ነባሪ የሚገኘው ዓንበር እንዳይመስልዎት። በሽቶ ቋንቋ አምበር ማለት ላብዳነም ከተባለው ሙጫ፣ ከቤንዞይንና ከቫኒላ የሚገነባ ሞቅ ያለ ቅንብር ነው። ሻጮች ሁለቱን አቀላቅለው ሲያወድሱ ደጋግሜ ስለሰማሁ ነው ማንሣቴ።

የእርስዎን ምርጫ ከሁሉም በላይ የሚወስነው ቢሮው ነው። ለስድስት በሚጋሩት የተዘጋ ክፍል ውስጥ ሽቶዎ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ባለሙያዎች የሽቶን ኃይል በሦስት ይከፍሉታል፦ ቆዳ ላይ የሚቆይበት ጊዜ፣ ከሰውነት ርቆ የሚሰማበት ርቀት፣ ሰውዬው ካለፈ በኋላ አየር ላይ የሚተወው ዱካ። ሰዎች የሚጠይቁት ስለ መጀመሪያው ነው፤ በቢሮ ውስጥ ግን የሚያጣላው ሦስተኛው ነው። ጣፋጭ መዓዛ በተዘጋና በሞቀ ክፍል ውስጥ ይከማቻል፤ ለመጀመሪያ ደቂቃ ሁሉንም ያስደስታል፣ ለስምንት ሰዓት ግን ይሰለቻል፣ ምግብ በቀረበ ሰዓትም ከምግቡ ጋር ይጣላል። ኻምራህን በዝቅተኛ መጠን እንኳ ቢረጩት ጣፋጭነቱ ያንኑ ያህል ይታወቃል፤ መጠኑ ያንሳል እንጂ ጠባዩ አይደበቅም። ዑድ ፎር ግሎሪ የማይመቸው መግቢያው ሲሆን፣ መግቢያው ደግሞ ሰዓት ያለው ነው፤ ከቤት ሳይወጡ ሊያሳልፉት ይችላሉ። በእኔ አስተያየት በሁለቱ መካከል ያለው ወሳኝ ልዩነት ይኸው ነው።

ስለዚህ አንድ ብቻ የሚገዙ ከሆነ ዑድ ፎር ግሎሪን ይግዙ። ይህን ስል ኻምራህ ያነሰ ሽቶ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለብርድ ማታ፣ ለደጅ ስብስብና ለግብዣ ቢሆን ኖሮ ያለማወላወል ኻምራህን እል ነበር፤ እኔ ራሴም ለማታ የምመርጠው እርሱን ነው። ነገር ግን ዑዱ ማታ ላይ አንድ ጊዜ ተጨምሮ ሲረጭ ለግብዣ ይበቃል፤ ኻምራህ ግን በየትኛውም መጠን ለዘወትር የቢሮ ቀን አይመጥንም። አንዱ ሁለቱንም ቦታ ያገለግላል፣ ሌላኛው አንዱን ብቻ።

ምክሩ የሚፈርስበት አንድ ሁኔታ አለ። ከመግዛትዎ በፊት ዑዱን ክንድዎ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አስረጭተው፣ ሌላ ምንም ሳይጨምሩ ቀኑን ይዋሉ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ፕላስተሩ አሁንም ካለ፣ ያ ጠረን ለእርስዎ የሚጠፋ ዓይነት አይደለም፤ ማንም «ትለምደዋለህ» ቢልዎት አይስሙት። እንዲያ ከሆነ ኻምራህን ገዝተው ለማታ ብቻ ያውሉት፣ ቢሮም ያለ ሽቶ ይግቡ። በሁለቱም ክንዶች ሁለቱን ጎን ለጎን መሞከር እኔ ለንጽጽር አደረግሁት እንጂ ለገዢ አልመክረውም፤ ኃይለኛ ሽቶዎች በአየር ላይ ይቀላቀላሉና የቱን እንደሚሰሙ አያውቁም።

ከዚሁ ጋር ሊታለፉ የማይገባቸው ጥንቃቄዎች አሉ። ከቢሮ ባልደረቦችዎ አንዱ አስም ወይም በጠረን የሚቀሰቀስ ማይግሬን ካለበት ሁለቱም ሽቶዎች ቢሮ አይገቡም፤ ይህ በመጠን የሚስተካከል ነገር አይደለም፣ አስቀድሞም መጠየቅ ነው። ቆዳዎ በሽቶ ወይም በመዋቢያ ቀልቶ ወይም አሳክኮት የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ክርንዎ ውስጠኛ ላይ ጥቂት አስነክተው ሁለት ቀን ይጠብቁ፤ የአለርጂ ምላሽ እንደ ትኩስ ቃጠሎ ወዲያው ላይመጣ፣ በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ሊታይ ይችላል። በቀረፋ ሽቶዎች ውስጥ የሚገኙት ሲናማልና ዩጂኖል ከታወቁት የቆዳ አለርጂ ቀስቃሾች መካከል ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት 26 የመዓዛ ንጥረ ነገሮች በመለያው ላይ በስማቸው እንዲጻፉ ሲያስገድድ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ ዝርዝሩን ከ80 በላይ አድርሶታል፤ ስለዚህ ካርቶኑ ጀርባ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብ ጥቅም አለው። በተላጨ ወይም በቆሰለ ቆዳ ላይ፣ በእሳትም አጠገብ አይርጩ፤ ፈሳሹ በአብዛኛው አልኮል ነው። ቫኒላ የበዛበት ሽቶ ከጊዜ ጋር እየጠቆረ የሚሄድ በመሆኑ ኻምራህን ነጭ ልብስ ላይ መርጨት ቡናማ ነጥብ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ የፈሳሹ ቀለም መጥቆሩ ግን በራሱ የመበላሸት ምልክት አይደለም።

አጠቃቀሙን በተመለከተ፣ ለቢሮ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሸሚዝ ሥር ደረት ላይ፣ ከቤት ከመውጣትዎ ቢያንስ አንድ ሰዓት አስቀድመው ይርጩ። ልብሱ ሽቶውን እንደ ክዳን ይይዘዋል፤ ሲነሡና ሲቀመጡ ብቻ ጥቂት ይወጣል። አንገትና የእጅ አንጓ ለማታ ይቆዩ። አንጓን ከአንጓ ማሻሸት ሞለኪውል «ይሰብራል» የሚባለው ተረት ነው፤ የሚያደርገው ሙቀት ጨምሮ መግቢያውን ማፋጠን ብቻ ነው፣ በዑዱ ጉዳይ እንዲያውም የማይጠላ ነገር ነው። ከሰዓት በኋላ ሽቶው አልሰማዎ ሲል አይድገሙ፤ ጠርሙሱን ወደ ቢሮ አለመውሰድ ከሁሉ የተሻለ ዘዴ ነው።

በግዢው ጊዜ ካርቶኑ ላይ የታተመው የምርት ቁጥር ከጠርሙሱ ሥር ካለው ጋር አንድ መሆኑን ይመልከቱ፤ ካልተገናኘ ይተዉት። ቢገናኝም የእውነተኛነት ሙሉ ማስረጃ ባለመሆኑ፣ ክንድዎ ላይ ከሞከሩት ጋር አንድ ዓይነት ሽታ ያለው መሆኑን ሻጩ ፊት ያረጋግጡ። «ሁለቱንም ብገዛስ?» የሚል ሐሳብ ከመጣብዎት ደግሞ ይህን ያስሉ፦ የሚረጭ ጠርሙስ አንድ ጊዜ ሲጫን በግምት 0.1 ሚሊ ሊትር ያወጣል፤ 100 ሚሊ ሊትሩ ወደ 1000 ጊዜ ይረጫል ማለት ነው። በቀን አንድ ጊዜ ለሚረጭ ሰው አንዱ ጠርሙስ ብቻ ወደ ሦስት ዓመት ይሄዳል።